ነቢዩ አሞጽና የጎረቤት አሕዛብ ፍርድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፤ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር እግዚአብሔር በጥንት ዘመን በእስራኤል ዙሪያ በነበሩት አሕዛብ ላይ በነቢያቱ አፍ ስለ ተናገረው ፍርድ ነው። ይህ ነገር በኢሳይያስም፥ በኤርምያስም፥ በሕዝቅኤልም፥ በአብድዩም፥ በሶፎንያስም መጽሐፍ ይገኛል። ሁሉን በአንድ ጊዜ መዘርዘር ግን አይቻልምና ከእነዚህ ሁሉ በዘመን የሚቀድመውን ነቢዩ አሞጽን መሪ አድርገን እንከተለዋለን።

ብዙ ሰው ይህን የመጽሐፍ ክፍል ሲያገኝ የከተሞቹና የነገሥታቱ ስም ይሰለቸውና አልፎት ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ያነበዋል፤ ነገር ግን የጠላቱ ውድቀት የተነገረ እየመሰለው ደስ ብሎት ያነበዋል። ሁለቱም ከነቢዩ ቃል ሳይጠቀሙ ይቀራሉ። እኛ ግን ታሪኩን ከነዘመኑና ከነምክንያቱ ስንመረምረው ፍርዱ በማን ላይ እንደ ተነገረ፥ ስለ ምንስ እንደ ተነገረ፥ መጨረሻውም ወዴት እንደሚያደርስ እንረዳለን።

አሞጽ የነቢይ ልጅ አልነበረም፤ ከካህናትም ወገን አልነበረም። ከቤተ ልሔም በስተደቡብ በምትገኘው በቴቁሔ መንጋ የሚጠብቅ፥ የወርካም ፍሬ የሚለቅም ሰው ነበር። የኖረበት ዘመን በይሁዳ ዖዝያን፥ በሰሜኑ በእስራኤል መንግሥትም የዮአስ ልጅ ኢዮርብዓም የነገሡበት፥ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 760 ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፥ የአገራችን መሆናቸውን ካላመለከትን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው። ያ ዘመን ለእስራኤል የድልና የብልጽግና ዘመን ነበር። ንጉሡ የጠፋውን ድንበር መልሶ ነበር፤ ነጋዴው ባለጠጋ ሆኖ ነበር፤ መሳፍንቱም ቤታቸውን በዝሆን ጥርስ ያስጌጡ ነበር። በሰማርያ ፍርስራሽ ውስጥ በ1930ዎቹ ዓመታት የተደረገው ቁፋሮ በጥሩ ጥበብ የተቀረጸ ብዙ የዝሆን ጥርስ ማውጣቱ ነቢዩ የወቀሰው ቅምጥልነት እውነተኛ እንደ ነበረ ያስረዳል።

በዚህ ጊዜ እግዚአብሔር መንጋ ጠባቂውን ከመንጋው ኋላ ወስዶ ከይሁዳ ወደ ሰሜን ላከው። እርሱም የእስራኤል ነገሥታት የወርቅ ጥጃ ወዳቆሙባት ወደ ቤቴል ሄዶ ተናገረ። አነጋገሩም እንዲህ ያለ ነበር፤ በቅድሚያ የእስራኤልን ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየጠራ የእያንዳንዱን በደል ቈጠረ፤ ከበደሉም ቀጥሎ ቅጣቱን አስታወቀ። ደማስቆን፥ ጋዛን፥ ጢሮስን፥ ኤዶምያስን፥ አሞንን፥ ሞዓብን ጠራ። የሚሰማው ሕዝብ በየአንዳንዱ ስም ራሱን እየነቀነቀ፥ ይገባቸዋል እያለ እንደ ሰማ መገመት አያስቸግርም። እነዚህ ሁሉ በየዘመናቸው ከእስራኤል ጋር የተዋጉ ነበሩና። እንግዲህ እኛም የነቢዩን ተራ ተከትለን በየከተማው እንሂድ።

ፊተኛይቱ የሶርያ ዋና ከተማ ደማስቆ ናት። የተከሰሰችበትም ኃጢአት ከዮርዳኖስ ማዶ ያለውን የገለዓድን ሕዝብ በብረት መውቂያ እንደ ነዶ ማበራየቷ ነው። በአገራችን እህሉ የሚበራየው በበሬ ሰኮና ነው፤ በዚያ አገር ግን ከሥሩ የብረት ወይም የድንጋይ ጥርስ የተሰካበት ሳንቃ በአውድማ ላይ ይጐተት ነበር። ነዶ የሚታኘክበት ነገር በሰው ገላ ላይ ሲሄድ ማሰብ እንኳ ያሰቅቃል። ይህ የሆነው በንጉሥ አዛሄል ዘመን ነው። አዛሄል ገና ሳይነግሥ ነቢዩ ኤልሳዕ ፊቱን ትኵር ብሎ አይቶ እንዳለቀሰ መጽሐፈ ነገሥት ይነግረናል፤ ያለቀሰውም ይህ ሰው በእስራኤል ሕፃናትና እርጉዞች ላይ የሚያደርገውን አስቀድሞ ስላወቀ ነው። በ1993 እና በ1994 በጥንታዊቱ በዳን ከተማ ፍርስራሽ በሶርያ ቋንቋ የተጻፈ የድል ሐውልት ስብርባሪ ተገኝቷል፤ ብዙ ሊቃውንትም የአዛሄል ነው ይላሉ። በዚያም ላይ ባለድሉ የእስራኤልንና የዳዊትን ቤት ነገሥታት እንደ ገደለ ይመካል። ሰው በድንጋይ ላይ የተመካበትን እግዚአብሔር በክስ መዝገብ ላይ ጽፎት ኖሯል። በ732 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የአሦር ንጉሥ ቴልጌልቴልፌልሶር ደማስቆን ያዘ፤ ንጉሥዋን ረአሶንን ገደለ፤ ሕዝብዋንም አሞጽ እንደ ተናገረው ወደ ቂር አፈለሰ።

ሁለተኛይቱ ጋዛ ናት፤ ከእርስዋም ጋር አዛጦን፥ አስቀሎናና አቃሮን የተባሉት የፍልስጥኤማውያን ከተሞች ተጠርተዋል። ከአምስቱ የፍልስጥኤም ከተሞች ነቢዩ በዚህ ቦታ ጌትን አይጠራትም። ምክንያቱንም መፈለግ አያስቸግርም፤ ጌትን አስቀድሞ አዛሄል ይዟት ነበር። በስፍራዋ የተደረገው ቁፋሮም ከተማይቱን የከበበ ጥልቅ ጕድጓድና የቃጠሎ ምልክት አሳይቷል። የጋዛ ኃጢአት የሰው ንግድ ነው። አንድን ሕዝብ ሽማግሌና ሕፃን ሳትለይ ሁሉን ማርካ ለኤዶምያስ ሸጠች። ልብ እናድርግ፤ ነቢዩ የተሸጡት ከየትኛው ወገን እንደ ሆኑ እንኳ አይነግረንም። የተሸጠው ሰው ነው፤ ለክሱም ይህ ብቻ በቅቷል።

ጢሮስም የተከሰሰችው በዚሁ ንግድ ነው። በእርስዋ ላይ ግን አንድ ነገር ተጨመረባት፤ የወንድማማችነትን ቃል ኪዳን አላሰበችም። የጢሮስ ንጉሥ ኪራም ለቤተ መቅደስ ሥራ ዝግባ ለሰሎሞን የላከ፥ ሰሎሞንንም ወንድሜ ብሎ የጠራ ነበር። በነጋዴ ዓይን ግን የጥንት ቃል ኪዳን በሚዛን ላይ የማይወጣ ቀላል ነገር ሆኖ ተገኘ። ይህች ከተማ በባሕር መካከል በደሴት ላይ የተሠራች ስለ ነበረች ማንም የሚደርስባት አይመስላትም ነበር። የባቢሎኑ ናቡከደነፆር 13 ዓመት ከበባት፤ የሠራዊቱ ጫንቃ እስኪላጥ ድረስ መድከሙን፥ ስለ ድካሙም ዋጋ አለማግኘቱን ነቢዩ ሕዝቅኤል ይመሰክራል። ዳሩ ግን የእግዚአብሔር ቃል ቢዘገይ አይቀርም። በ332 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ታላቁ እስክንድር በየብስ ላይ የነበረውን የአሮጌውን ከተማ ድንጋይና አፈር እያፈሰሰ በባሕሩ ላይ መንገድ ሠራ፤ ከሰባት ወር በኋላም ደሴቲቱን ያዘ። አርያን የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደሚነግረን 30,000 የሚያህሉ ሰዎች ለባርነት ተሸጡ። በዚያው ዓመት እስክንድር ወደ ጋዛ ወርዶ እርስዋንም ሁለት ወር ያህል ከብቦ ያዛት፤ ሴቶችዋንና ልጆችዋንም ሸጠ። ሰውን ይሸጡ የነበሩት ሁለቱ ከተሞች በአንድ ዓመት ውስጥ ራሳቸው ተሸጡ።

በዚህ ቦታ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። እስክንድር ጻድቅ አልነበረም፤ የአሦርና የባቢሎን ነገሥታትም ጻድቃን አልነበሩም። እግዚአብሔር በእነርሱ እጅ ፈረደ ስንል ሥራቸውን አመሰገነው ማለታችን አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ አሦርን በእግዚአብሔር እጅ እንዳለ በትር አድርጎ ይገልጠዋል፤ በትሩም በመምቻው ሰው ላይ በታበየ ጊዜ እርሱም እንደሚሰበር አስጠንቅቋል። የአሦር ዋና ከተማ ነነዌ በ612 ዓመት ወድቃለች፤ ባቢሎንም በ539 ዓመት ለፋርስ እጅ ሰጥታለች። እንግዲህ ፈራጅ ሆኖ የተላከ ሁሉ የራሱ ፍርድ ይጠብቀዋል።

አራተኛው ኤዶምያስ ነው። ኤዶማውያን የዔሳው ልጆች ስለ ሆኑ የያዕቆብ ልጆች ወንድሞች ናቸው። በደላቸውም ከወንድምነታቸው የተነሣ የከፋ ሆነ፤ ወንድማቸውን በሰይፍ አሳደዱ፤ ምሕረትን ከልባቸው አወጡ፤ ቍጣቸውንም ሳያበርዱ ለዘለዓለም ጠበቁት። ሰው ይቈጣል፤ ቍጣው ግን ከፀሐይ መግባት በኋላ ሲያድር ቂም ይሆናል፤ ቂምም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርስ የሕዝብ ደዌ ይሆናል። ከብዙ ዘመን በኋላ ኢየሩሳሌም በናቡከደነፆር እጅ በወደቀች ጊዜ ኤዶማውያን በወንድማቸው ጥፋት ደስ እንዳላቸው፥ የሚሸሹትንም በመስቀለኛ መንገድ ቆመው እንደ ያዙ ነቢዩ አብድዩ ይወቅሳቸዋል። በከፍተኛ ዓለት መካከል ስለ ተቀመጡ ማን ያወርደናል ይሉ ነበር። ነገር ግን የባቢሎን ጦር በ6ኛው መቶ ዓመት ደረሰባቸው፤ ከዚያም ናባጥያውያን የተባሉ ነገድ አገራቸውን ወረሱ። የቀሩት ወደ ይሁዳ ደቡብ ፈልሰው ተቀመጡ፤ በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማም የአይሁድ ገዢ ዮሐንስ ሂርቃኖስ በግድ አስገዘራቸው። ከዚያ ወዲህ የኤዶም ሕዝብ ስም ከአሕዛብ ቍጥር ጠፋ። የቤተ ልሔምን ሕፃናት ያስፈጀው ሄሮድስ ከዚህ ወገን የተወለደ ነበር፤ የወንድም ጥላቻ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ምን ዓይነት ፍሬ እንዳፈራ እንመልከት።

አምስተኛውና ስድስተኛው አሞንና ሞዓብ ናቸው፤ ሁለቱም የሎጥ ልጆች። እግዚአብሔር በሙሴ ዘመን ለሁለቱም ርስት ሰጥቷቸው ነበር፤ እስራኤልም ያንን ርስት እንዳይነካ ተከልክሎ ነበር። የአሞን ልጆች ግን በተሰጣቸው ድንበር አልበቃ አላቸውና አገራቸውን ለማስፋት ሲሉ የገለዓድን እርጉዞች ሆድ ሰነጠቁ። ሰይፋቸው ገና ያልተወለደውን ፈልጎ ሄደ፤ የሚያድግ ወራሽ እንዳይቀር ማለት ነው። ለጥቂት ጋሻ መሬት ሲባል የተፈጸመ ግፍ ነው። ዋና ከተማቸው ረባት ዛሬ አማን የምትባለው የዮርዳኖስ መንግሥት ዋና ከተማ በቆመችበት ስፍራ ነበረች።

የሞዓብ ክስ ግን ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካ ነው። ሞዓብ የተከሰሰው በእስራኤል ላይ ስላደረገው በደል አይደለም። የኤዶምያስን ንጉሥ አጥንት ኖራ እስኪሆን ድረስ ስላቃጠለ ተከሰሰ። ኤዶምያስ ጥቂት ቀደም ሲል በዚያው ቃል የተወገዘ አልነበረምን? ነው እንጂ። ነገር ግን በደለኛም ቢሆን ሰው ነው፤ የሞተውም ሰው ለአጥንቱ ክብር ይገባዋል። እግዚአብሔር ለእስራኤል ጠላት፥ ለዚያውም ለሞተ ጠላት፥ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። በቤቴል ቆሞ ይሰማ የነበረው ሕዝብ በዚህ ጊዜ ነገሩን ሊያስተውለው በተገባው ነበር። የሚፈርደው አምላክ የአንድ ነገድ አምላክ ሆኖ ጎረቤትን የሚቀጣ አይደለም፤ የሰው ሁሉ ፈጣሪ ስለ ሆነ በማንም ላይ የተደረገውን ግፍ ሁሉ በራሱ ላይ እንደ ተደረገ ይቈጥረዋል።

ስለ ሞዓብ በሌላ መንገድም እናውቃለን። በ1868 ዲቦን በተባለችው ስፍራ ክላይን የሚባል ሚስዮናዊ ጥቁር ድንጋይ አየ። በላዩም ላይ የሞዓብ ንጉሥ ሞሳ 34 ያህል መሥመር ጽሑፍ አስቀርጾ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ድንጋዩ ተሰባበረ፤ ስብርባሪው ተሰብስቦ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። ሞሳ በዚህ ጽሑፍ ናባው በተባለችው ከተማ 7,000 ሰዎች ወንዱንም ሴቱንም ገድሎ ካሞሽ ለተባለው ጣዖት እንደ ሰጠ በኵራት ይናገራል። ይኸው ንጉሥ በጦርነት በተጨነቀ ጊዜ በኵር ልጁን በቅጥር ላይ እንደ ሠዋ መጽሐፈ ነገሥት ይመሰክራል። ጭካኔ ከጠላት ጀምሮ በገዛ ልጅ ያልቃል።

ሆኖም ነቢያቱ ይህን ሁሉ ሲናገሩ በደስታ አልተናገሩትም። ኢሳይያስ ስለ ሞዓብ ጥፋት በተናገረበት ቦታ ልቡ ስለ ሞዓብ እንደሚጮኽ፥ አንጀቱም እንደ በገና እንደሚያሰማ ይነግረናል። ኤርምያስም ስለ እርሱ አልቅሷል፤ የሞዓብና የአሞን ምርኮ በኋለኛው ዘመን እንደሚመለስም ተስፋ ሰጥቷል። የጠላትን ቅጣት እያለቀሰ የሚናገር እርሱ እውነተኛ ነቢይ ነው፤ እየሳቀ የሚናገር ግን ከኤዶምያስ ጋር ይቈጠራል።

ነቢዩ አሞጽ ስድስቱን አሕዛብ ከጠራ በኋላ ዝም አላለም። ሰባተኛ አድርጎ የገዛ አገሩን ይሁዳን ጠራ፤ የእግዚአብሔርን ሕግ ጥሏልና። ስምንተኛም አድርጎ ፊቱ ቆሞ ይሰማው የነበረውን እስራኤልን ጠራ፤ በእርሱም ላይ ከሁሉ ይልቅ ረጅም የሆነውን ክስ አነበበበት። እስራኤል በብረት መውቂያ ሰው አላበራየም፤ የእርጉዝንም ሆድ አልሰነጠቀም። ምን አደረገ? ጻድቁን በብር፥ ድኻውንም በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ሸጠው። የተቸገረ ሰው ያስያዘውን መያዣ ልብስ በመሠዊያው አጠገብ አንጥፎ ተኛበት። ከድኻው በግፍ በወሰደው መቀጮ የተገዛውን ወይን በአምላኩ ቤት ጠጣ። ጋዛ ሰውን የሸጠችው በጦርነት ማርካ ነው፤ እስራኤል ግን የሸጠው የገዛ ወንድሙን በሰላም ጊዜ በዳኛ ፊት ነው። ስለዚህ ለጋዛ የተነገረው ቃል ዞሮ በቤቴል በር ገባ።

ሕዝቡ ይህን በሰማ ጊዜ ምን አደረገ? የቤቴል ካህን አሜስያስ ነቢዩን፥ ወደ አገርህ ሂድና በዚያ እንጀራህን ብላ የሚል ነገር ተናግሮ አባረረው። ስለ ደማስቆና ስለ ሞዓብ ሲነገር ያላስቀየመ ቃል ስለ ራስ ሲነገር የማይታገሡት ሆነ። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ያህል ቢያልፍ ሰማርያ በ722 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ለአሦር ወደቀች። የአሦር ንጉሥ ሳርጎን በጽሑፉ 27,290 ሰዎች እንዳፈለሰ ይናገራል። የይሁዳም ተራ ደርሶ ኢየሩሳሌም በ586 ዓመት ተቃጠለች። የተመረጠ መሆን ፍርድን ያከብደዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ብዙ የተሰጠው ብዙ ይጠየቃልና።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ በዚሁ በአሞጽ መጽሐፍ መጨረሻ የአገራችን ስም ይገኛል። እግዚአብሔር የእስራኤልን ልጆች፥ በእኔ ዘንድ ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር አንድ አይደላችሁምን በሚል ትርጉም ይጠይቃቸዋል። በዕብራይስጡ ኩሽ የሚለውን ሰባው ሊቃናት ኢትዮጵያ ብለው ተርጕመውታል። ይህን ቃል እኛ እንወደዋለን፤ ብዙ ጊዜም እናነሣዋለን። መውደዳችንም የሚገባ ነው። ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን ጨርሰን እናንብበው። እስራኤልን ከግብፅ ያወጣ አምላክ ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር፥ ሶርያውያንንም ከቂር ያወጣ እርሱ መሆኑን ይናገራል። ሶርያ በበደሏ የተመለሰችው ወደዚያው ወደ ቂር እንደ ነበረ አስቀድመን አይተናል። ያወጣት አምላክ ስትበድል ወደ ወጣችበት መለሳት። እንግዲህ ይህ ቃል እስራኤል እንዳይመካ የተነገረ ሲሆን እኛ የምንመካበት ብናደርገው የነቢዩን አሳብ እንገለብጠዋለን። እግዚአብሔር ሕዝቡን ሁሉ ያውቃል፤ ሁሉንም በፍቅር ይመራል፤ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ይመዝናል ማለት ነው።

ይህ ሚዛን በእኛ ዘንድ ቢቀመጥ ምን ያነሣ ይሆን? ጋዛና ጢሮስ ሰውን ስለ ሸጡ ተፈረደባቸው ብለን ስናነብ በአገራችንም ስንት ወንድና ሴት ልጅ ከቀዬው ተይዞ በየገበያው እንደ ተሸጠ፥ ቀይ ባሕርንም እንደ ተሻገረ መርሳት አይገባንም። ይህ ነገር በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. በአገራችን አቈጣጠር በወጣው አዋጅ ነው። ያደረጉትም ብዙዎቹ የተጠመቁ፥ የሚጾሙና የሚያስቀድሱ ሰዎች ነበሩ። የኤዶምያስን ቂም ስናነብ ከአያት የወረስነውን የደም ቂም እናስብ። የአሞንን የድንበር ስስት ስናነብ ከጎረቤታችን ማሳ በሌሊት የምንገፋውን ድንበር እናስብ። የሞዓብን ሥራ ስናነብ በሞተ ሰው ላይ እንኳ የማይበርደውን ምላሳችንን እናስብ። የእስራኤልን ክስ ስናነብ የሠራተኛውን ደመወዝ ይዘን፥ መበለቲቱንም በፍርድ አደባባይ አስለቅሰን ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ስናገባ ምን እንደምናደርግ እናስብ።

ሁለተኛም ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። አንዳንድ ሰዎች እነዚህን ትንቢቶች ይዘው ዛሬ በጋዛ፥ በደማስቆ፥ በጢሮስና በአማን በሚኖሩ ሕዝቦች ላይ ይጠቅሷቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። የተከሰሱት ነገሥታትና መንግሥታት ፍርዳቸውን በዘመናቸው ተቀብለው አልፈዋል። ዛሬ በእነዚያ ስፍራዎች የሚኖሩት ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ ያልጠፉት ክርስቲያኖች፥ ስለ አዛሄልና ስለ ሞሳ የሚጠየቁ አይደሉም። የነቢዩን ቃል በድኻና በሕፃን ላይ ለሚደረግ ግፍ ምክንያት የሚያደርግ ሰው ነቢዩ የከሰሰውን ኃጢአት ራሱ ይደግመዋል።

ሦስተኛ፥ ፍርዱ የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ እንወቅ። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም አስቀድማ ሦስት ቀን ጾመ ነነዌን ትጾማለች። የምትጾመውም የአረማውያን ከተማ ንስሐ በእግዚአብሔር ዘንድ እንዴት እንደ ተሰማ እያሰበች ነው። ነነዌ በተመለሰች ጊዜ ዳነች፤ ልጆችዋ ወደ ቀድሞ ግፋቸው በተመለሱ ጊዜ ጠፋች። የሞዓብም ነገር እንዲሁ ነው። ከተወገዘው ሕዝብ መካከል ሩት ወጣች፤ አማትዋን ተከትላ ወደ ቤተ ልሔም መጣች፤ ከእርስዋም ዘር ዳዊት፥ ከዳዊትም ዘር መድኃኒታችን በሥጋ ተወለደ። ወንጌላዊው ማቴዎስ የሞዓባዊቱን ስም በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ጽፎታል። ደማስቆም ሐናንያ ሳውልን ያጠመቀባት፥ ጳውሎስም መስበክ የጀመረባት ከተማ ሆነች።

የጢሮስ ነገር ግን እኛን ከሁሉ ይልቅ ይመለከተናል። ጌታችን ወደ ጢሮስና ወደ ሲዶና አገር ሄዶ የከነዓናዊቱን ሴት ሃይማኖት አመሰገነ። ሐዋርያው ጳውሎስም በጢሮስ ከምእመናን ጋር ሰባት ቀን ተቀመጠ፤ በተሰናበተም ጊዜ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር በባሕር ዳር ተንበርክከው ጸለዩ። በ4ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ወጣቶች ይዞ በቀይ ባሕር ተጓዘ። መርከቡ በተያዘ ጊዜ እርሱ ተገደለ፤ ሁለቱ ወጣቶች ግን ተማርከው ወደ አክሱም ንጉሥ ቀረቡ። አንዱ ኤዴስዮስ ነበር፤ በኋላ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቅስና ተቀበለ፤ ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስም ይህን ታሪክ ከእርሱ አፍ ሰምቶ ጻፈው። ሁለተኛው ፍሬምናጦስ ነበር፤ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሹሞ የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሆነ።

ምእመናን ሆይ፤ የእግዚአብሔርን ሥራ እናድንቅ። ሕዝብን ማርካ በመሸጥ የተወገዘችው ጢሮስ ዘመኑ በደረሰ ጊዜ ልጅዋን በምርኮ ወደ እኛ ሰደደች፤ ምርኮኛውም የማረከውን ሕዝብ ከጨለማ ነጻ አወጣው። የጢሮስ ስም ለአሞጽ ዘመን ሰዎች የሐዘን ስም ነበረ፤ ለእኛ ግን የአባታችን አገር ስም ነው። አንዲትን ከተማ ወይም አንድን ሕዝብ ለዘለዓለም የተረገመ ነው ብሎ ለመናገር የሚደፍር ማን ነው? ይህን የሚናገር ሰው ስለ ራሱ ጥምቀት አላሰበም።

እንግዲህ የነቢዩን ቃል ስንሰማ በጎረቤታችን ስም ላይ ቆመን አንቅር፤ የእኛ ስም እስኪጠራ ድረስ እንስማ። ስማችን በተጠራ ጊዜም እንደ አሜስያስ ነቢዩን አናባርር፤ እንደ ነነዌ ሰዎች ማቅ ለብሰን ከግፍ እጃችንን እንመልስ። የያዝነውን የሰው መያዣ እንመልስ፤ የከለከልነውን ደመወዝ እንክፈል፤ ያቆየነውን ቂም እንተው፤ የገፋነውን ድንበር ወደ ቦታው እንመልስ። ይህን ብናደርግ የአሕዛብ ሁሉ ፈራጅ የሆነው አምላክ ለእኛም የአሕዛብ ሁሉ አባት ሆኖ ይገኝልናል።

ከፍርድ ቀን አስቀድሞ የንስሐ ቀን የሰጠን አምላክ ለአገራችንና ለዓለም ሁሉ ሰላሙን ያድርግልን፤ የነቢያቱና የሐዋርያቱ፥ የአባታችንም የአባ ሰላማ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ለዘለዓለሙ አሜን።